አራተኛው ካሬ

ለአራታችን ደረሰን አንድ ድልድይ፣
አንዳችን ያንዳችንን መልክ በቅጡ ሳናይ።
ኢቡ ተንሪ አለች፣ ድምጿ እንደ ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ፣
«የላሞሮን ወንዝ አሻግሩኝ፣ ዓርብ ማታ ሳይደርስ፤
ማርኩ የጋራ ነው፤ ከአራታችሁ አንዱ ቢ...»
ኔትወርኩ ዋጣት።
የቀረውን ቃል
እያንዳንዳችን እንደየፍርሃታችን ሞላንላት።

እኔ ማካሳር ነኝ፣ ከሞተር ብስክሌት ጋራዥ በላይ፣
አጎቴ ጭስ ማውጫ በሞከረ ቁጥር ድምፄን እየዘጋሁ የምሰቃይ።
ዮሲና አምቦን ናት፣ ሕፃን ወንድሟን አዝላ፣
አንዲቱን ስልክ ከእናቷ ጋር በፈረቃ ተካፍላ።
ሄርላምባንግ ሰማራንግ ነው፣ የራሱ ክፍል ያለው፣
ፀጉሩን ሳያበጥር ካሜራ ፊት የማይቀመጠው።
አንድ አገር ነን፣ ሦስት ሰዓት፤
ለእሱ ስምንት ሲሞላ ለኔ ዘጠኝ፣ ለሷ አሥር፤
«በስምንት እንገናኝ» ባልን ቁጥር
አንዷ ጠብቃ ጠብቃ ትተኛለች፣
አንዷ ትደርሳለች፣
አንዱ ገና ራቱን ይበላል።

አራተኛው ታንዲ ነው።
ታንዲ ማለት ጥቁር ካሬ፣ መሐሉ ላይ አንድ ፊደል፣
ቢጠሩት የጠሩትን ድምፅ መልሶ ለጠሪው የሚያድል።
«ታንዲ፣ ትሰማናለህ?»
«ታንዲ፣ ድምፅህ ተዘግቷል።»
ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጥቁር ካሬ ይህን ብለናል።

ሥራውን ተከፋፈልነው፣ መከፋፈል መተባበር መስሎን፤
እኔ ምሰሶውን፣ ዮሲና ወጪውን፣ ሄርላምባንግ ሥዕሉን።
ለታንዲ የወንዙን ጥልቀት ሰጠነው፤
ባያመጣም ኢንተርኔት ላይ አለ ብለን ነው።

ሌሊት ሌሊት በጋራው ሰነድ ላይ አረንጓዴ ጠቋሚ ነኝ፤
ሄርላምባንግ ሰማያዊ ነው፣ የጻፍኩትን ከኋላዬ እየሰረዘ የሚከተለኝ።
አልተጣላንም። ጠብ ፊት ይፈልጋል፤
«እሺ» ተባብሎ፣ የአውራ ጣት ምልክት ተላልኮ
ሰው ከሰው እንዲህም ይቀያየማል።

ሐሙስ ማታ ለኢቡ ተንሪ ደብዳቤ ላክን።
(የጻፍኩት እኔ ነኝ። እነሱ «እሺ» አሉ።)
«ታንዲ ምንም አልሠራም፤ ስሙ ይውጣልን።»
ከሽፋኑ ላይ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ፤
አምስት ፊደል፣ አምስት ጊዜ መታ መታ፣
ሰው እንዲህ ይቀላል ወይ አልኩ፣ ተኛሁ ወዲያው በዚያች ማታ።
ሄርላምባንግ በእኩለ ሌሊት አስረከበ።

ጎህ ሲቀድ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ አሥራ አንድ ፎቶ፣
የደብተር ገጽ፣ በእርሳስ ተሞልቶ፣ ዳር ዳሩ በዝናብ አብጦ፤
ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ድንጋይ፣
በየክንዱ ቋጠሮ፣ ቋጠሮው ላይ ጭቃ የሚታይ።
«ከወዲህ ዳር ሁለት ክንድ። መሐሉ አምስት ተኩል።
ትናንት ማታ ዘንቧል፣ ዛሬ ሰባት ሆኗል።
አሮጌው ድልድይ እዚህ ነበር፤ ጎርፍ ወሰደው።
እናቴ ወደ ገበያ የምትሻገረው በዚህ ነው።
ከትልቁ ቋጥኝ በስተግራ ምሰሶ አታቁሙ፣
ከሥሩ አሸዋ ነው።
ስለዘገየሁ ይቅርታ። እኛ ጋ ኔትወርክ ያለው
ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ነው፤
ቆርቆሮው ሲርስ ያንሸራትታል።
ስታወሩ ሁሉንም እሰማለሁ፤ የኔ ድምፅ ነው የማይወጣው።»

ሥዕሉን ከፈትኩ።
ከትልቁ ቋጥኝ በስተግራ
ምሰሶዬ ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ፣ በሁለት ቀለም ተሠርቶ።

ከመቶ ሰማንያ ሰባት አገኘን።
ኢቡ ተንሪ «ግሩም የቡድን ሥራ» ብላ ጻፈችልን።

ሰኞ ዕለት ካሬው ነበረ፤
ያው ጥቁር፣ ያው ፊደል፣ ከተራው ጫፍ።
የሚባለውን ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አድሬ ነበር።
«ታንዲ» አልኩ። ስለ ደብዳቤው ነገርኩት፣ ስለ አሸዋው፣
ስለ ስሙ፣ ስለ አምስቱ መታ መታ፤
ረጅም ጊዜ አወራሁ፤ ፊቶቹ አልተነቃነቁም ለአፍታ።

ከታች፣ ጥግ ላይ፣ የዮሲና መልእክት ብቅ አለ፦
«ድምፅሽ ተዘግቷል።»